በጆሮ የሰማነው ታሪክና በዓይን ያነበብነው ታሪክ
ከሐዋሳ የቀረበ የንባብና የማዳመጥ ማስታወሻ

መግቢያ

ባለፈው የትምህርት ዓመት ከመካከላችን አንዱ ስለ ራስ ደስታ ዳምጠው አጭር ጥናት እንዲያቀርብ በክፍል ታዞ ነበር። ጓደኛችን ትጉህ አድማጭ ነው፤ ከቤቱ እስከ ኮሌጁ በሚመላለስበት መንገድ ሁሉ የታሪክ ትረካ በጆሮው ሳይሰማ አይውልም። ስለዚህም ለጥናቱ ብዙ አልደከመም። ከአንድ ትረካ የሰማውን በወረቀት አሰናድቶ፣ ድምፁንም እንደ ተራኪው አሳምሮ አቀረበ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠ፤ ሲጨርስም ተጨበጨበለት። ከዚያ በኋላ መምህራችን፣ «ይህን ከማን ሰማህ? የነገረህስ ሰው ከማን ሰማ?» ሲሉ ጠየቁት። ጓደኛችን የመጀመሪያውን ጥያቄ መለሰ፤ ሁለተኛውን ግን ለመመለስ አልቻለም። እኛም በአጠገቡ ተቀምጠን የነበርነው ብንጠየቅ ኖሮ ከእርሱ የተሻለ መልስ አልነበረንም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ያ ጥያቄ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነበብናቸውን የታሪክ መጻሕፍትና ፖድካስት እየተባሉ በስልክ የሚደመጡትን የታሪክ ዝግጅቶች ጎን ለጎን እያስቀመጥን ለመመርመር ሞክረናል። በዚህም ምርመራ ከሁለቱ ምን ምን እንደምናገኝ፣ በየትኛውስ ቦታ እንደምንሳሳት ለመረዳት ችለናል። በመጨረሻም ነገሩ ሁሉ ወደ ራሳችን ከተማ ወደ ሐዋሳ መለሰን። ያገኘነውን ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን በአጭሩ እናቀርባለን።

፩. ታሪክን በጆሮ ስለ መስማት

በአገራችን ታሪክን በጆሮ መስማት ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በብራና ይጻፍ እንጂ፣ አብዛኛው ሰው ስለ ነገሥታቱ ያወቀው በአዝማሪ ዜማ፣ በሽማግሌ ጨዋታና በእሳት ዳር ወግ ነው። ጽሕፈት ባልተስፋፋባቸው አገሮች ደግሞ ትውልድን መቁጠርና የሸንጎን ውሳኔ ማስታወስ የሽማግሌዎች ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በሲዳማ ሉዋ የሚባለው የዕድሜ እርከን ሥርዓት ሰዎችን በየተራ እያሰለፈ ወደ ሽማግሌነት የሚያደርስ ስለ ሆነ፣ ዘመንን ለመቁጠርም ያገለግላል። አንድ ነገር መቼ ተደረገ ቢባል፣ «የእገሌ ሉዋ በነበረ ጊዜ» ተብሎ ይመለሳል።

ሬዲዮ ሲመጣም ይኸው ልማድ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲተርከው፣ መጽሐፉን በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቱ አውቋቸዋል። ያ መጽሐፍ ልብ ወለድ እንጂ ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ጥሩ ድምፅ በአድማጭ ልብ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሚሰድ ያሳየናል። ዛሬም በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 እሸቴ አሰፋ «መቆያ» በሚለው ዝግጅቱ የአገር ውስጥና የውጭ አገር ታሪኮችን ይተርካል፤ ዝግጅቱም ከሬዲዮ አልፎ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በዚያው ጣቢያ መዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ብላ ሰዎችን እየጋበዘች ስለ ሕይወታቸው በሰፊው ታወያያለች።

እነዚህ ሁለት ዝግጅቶች ሁለቱም በጆሮ ይሰሙ እንጂ ለታሪክ ተማሪ አንድ ዓይነት አይደሉም። ይህንን ልዩነት ለማስተዋል ብዙ ጊዜ ወስዶብናል። በመጀመሪያው ተራኪው ሌሎች የጻፉትን ሰብስቦና አቀናብሮ ይነግረናል፤ ስለዚህ እንደ መጽሐፍ ሁሉ ምንጩ ሊጠየቅ ይገባዋል። በሁለተኛው ግን ነገሩን ያየው ሰው ራሱ ይናገራል፤ ስለዚህ ንግግሩ ራሱ ምንጭ ነው። እርግጥ ያየ ሰውም ይረሳል፤ ራሱንም ከሌላው አብልጦ ይወዳል። ቢሆንም የሚጠየቀው «ከማን ሰማህ?» ተብሎ ሳይሆን «አንተ የት ቆመህ አየህ?» ተብሎ ነው።

ከውጭ አገር ዝግጅቶች መካከል ሁለቱን ብቻ እንጠቅሳለን። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቢቢሲ ሬዲዮ የሚቀርበው «ኢን አወር ታይም» በአንድ ርእስ ላይ ሦስት ያህል ሊቃውንትን በአንድ ጠረጴዛ ያገናኛል። በ2020 እ.ኤ.አ. የተጀመረው «ዘ ሬስት ኢዝ ሂስትሪ» ደግሞ የሁለት የታሪክ ጸሐፊዎች፣ የቶም ሆላንድና የዶሚኒክ ሳንድብሩክ፣ ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ያስቃል፤ ብዙ አድማጭም አለው። ለእኛ ግን የመጀመሪያው ጠቀመን። አንዱ ሊቅ የተናገረውን ሌላው ሲያርም፣ ሦስተኛውም «ማስረጃው እስከዚያ አያደርስም» ሲል በጆሯችን እንሰማለን። ታሪክ የሚከራከሩበት ነገር መሆኑን ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ይህ አስረዳን።

በጆሮ የሚሰማ ታሪክ የራሱ ድካሞች አሉት። በመጀመሪያ፣ አድማጭ ገጽ ገልጦ ወደ ኋላ አይመለስም፤ የግርጌ ማስታወሻም የለም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ተራኪው ታሪኩ እንዲያምርለት በባዶው ቦታ ንግግር ይሞላል፤ ንጉሡ በሌሊት ብቻውን ምን እንዳሰበ፣ የጦር አለቃው ለሚስቱ ምን እንዳለ ይነግረናል፤ ይህን የሰማ ሰው ግን አልነበረም። በሦስተኛ ደረጃ፣ አንዱ የተረከውን ሌላው ስሙን ሳይጠራ ይወስደዋል፤ ከዚያም ሌላው። በመጨረሻ አንድ ወሬ ከዐሥር ቦታ ሲሰማ፣ አድማጭ ዐሥር ምስክር ያገኘ ይመስለዋል። ምንጫቸው ሲመረመር ግን ዐሥሩም አንድ ናቸው። ጓደኛችንን ያሳሳተው ይህ ነበር፤ የሰማውን ነገር በሦስት ልዩ ልዩ ዝግጅቶች ስላገኘው የተረጋገጠ መስሎት ነበር።

፪. ስላነበብናቸው መጻሕፍት

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ዐፄ ምኒልክ በጻፉትና በ1912 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራቸው፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ማስተዋል፣ አለማዳላትና የጠራ አጻጻፍ ሊኖሩት እንደሚገባ አሳስበዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ምክር ላነበብናቸው መጻሕፍት መመዘኛ ሆኖናል።

የመጀመሪያው መጽሐፍ ኢያን ካምቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ያሳተሙት ነው። በዚያ ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ፣ በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ያህል በሰላማዊው ሰው ላይ ምን እንደ ደረሰ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የሟቾቹን ቁጥር በተመለከተ ከትረካ የምንሰማው ብዙ ጊዜ 30,000 የሚለውን ነው፤ ይህም የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው ቁጥር ነው። ካምቤል ግን የዓይን ምስክሮችን ቃል፣ የውጭ አገር መልእክተኞችን ደብዳቤና ፎቶግራፎችን አንዱን ከሌላው እያመሳከሩ፣ ወደ 19,000 ገደማ ከሚሆን ግምት ላይ ደርሰዋል።

ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ቅር አለን። ቁጥሩ ሲያንስ የሟቾቹ ክብር ያነሰ መሰለን። ቆይተን ስናስበው ግን ነገሩ በተቃራኒው ሆኖ አገኘነው። ስሌቱ የታየና የተመረመረ ቁጥርን ማንም በቀላሉ ሊክደው አይችልም፤ ከየት እንደ መጣ የማይታወቅ ቁጥር ግን፣ ትልቅም ቢሆን፣ ሊክድ ለሚፈልግ ሰው በር ይከፍታል። ጭፍጨፋውን ለማቃለል በፈለጉ ወገኖች ዘንድ የሟቾቹ ቁጥር ምን ያህል እየቀነሰ ይነገር እንደ ነበር ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የቬሬና ክሬብስ መጽሐፍ ነው፤ የታተመው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታቶቻችን ወደ አውሮፓ መልእክተኞችን ሲልኩ የጦር መሣሪያና የጦር ቃል ኪዳን ፈልገው ነው የሚለው አስተሳሰብ ለብዙ ጊዜ ሳይመረመር ኖሯል። ክሬብስ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በ1402 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ከደረሱበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን መረጃ መልሰው ሲመረምሩ፣ ነገሥታቱ ይበልጥ ይፈልጉ የነበሩት ንዋየ ቅድሳትን፣ የከበሩ ጨርቆችንና የእጅ ጥበብ ባለሙያዎችን መሆኑን አሳዩ። የሠሯቸውን አብያተ ክርስቲያናት ለማስጌጥና ንግሥናቸውን ለማክበር ማለት ነው። ከዚህ መጽሐፍ የወሰድነው ትምህርት፣ ብዙ ሊቃውንት ያዩትን ሰነድ እንኳ በአዲስ ጥያቄ የሚያነብ ሰው አዲስ ነገር ሊያገኝ እንደሚችል ነው።

ሦስተኛው ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች እንቅስቃሴ ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ለእኛ ለተማሪዎች ርእሱ ራሱ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀን መረጃው የተሰበሰበበት መንገድ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የቀድሞው እንቅስቃሴ ተካፋዮች፣ ከዚያ በፊት በጽኑ ተቃዋሚነት የተለያዩትም ጭምር፣ በአንድ ቦታ ተሰብስበው ያስታወሱትን ተነጋግረዋል፤ ንግግራቸውም ተቀርጾ በ2010 እ.ኤ.አ. ለብቻው በመጽሐፍ ታትሟል። አንዱ ሲናገር ሌላው ስለሚሰማ፣ ብቻውን ቢሆን የሚጨምረውን ወይም የሚሰውረውን በዚያ ስብሰባ ላይ ለመጨመርና ለመሰወር አይቀልለውም።

ይህንን ዘዴ ከደርግ ባለሥልጣኖች የግል መጻሕፍት ጋር ስናነጻጽረው ጥቅሙ ይበልጥ ተገለጠልን። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» በ2004 ዓ.ም.፣ የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ታትመዋል። ሁለቱም በብዛት ተነበቡ፤ በትረካም ተሰሙ። እነዚህ መጻሕፍት አስፈላጊ መረጃዎች ናቸው። ሆኖም እያንዳንዱ ጸሐፊ ብቻውን ከወረቀቱ ጋር ተቀምጦ የጻፋቸው ስለ ሆኑ፣ አንዱን ብቻ አንብቦ መፍረድ ከሳሽን ሰምቶ ተከሳሽን ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው። መጽሐፍ ሆኖ መታተሙ ብቻ አንድን ነገር እውነት እንደማያደርገው በዚህ ተረድተናል።

፫. አንድ አስረጂ፦ የደቡቡ ጦር ግንባርና ራስ ደስታ

ከመምህራችን ጥያቄ በኋላ የጓደኛችንን ጥናት በኅብረት መልሰን ሠራነው። በመጀመሪያ ከመጻሕፍት ያገኘነውን በአጭሩ እናስቀምጣለን።

ራስ ደስታ ዳምጠው የልዕልት ተናኘ ወርቅ ባለቤት፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማችና የሲዳሞ ገዥ ነበሩ። የግዛቱ ዋና ከተማ ከሀገረ ሰላም ወደ ይርጋለም የዞረው በእርሳቸው ዘመን ነው። ይርጋለም ከሐዋሳ በስተ ደቡብ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ከተማ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለእኛ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ ራስ ደስታ ጦራቸውን ይዘው በገናሌ ወንዝ በኩል በዶሎ አቅጣጫ ወረዱ። በዚያ ግንባር የጠላት አዛዥ ግራዚያኒ ነበር። ከራስ ጦር ጋር የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ ከአየር በቦምብ ተደበደበ። በጥር ወር ደግሞ በገናሌ ዶሪያ በተደረገው ውጊያ፣ ጠላት አውሮፕላንና መኪና ስለ ነበረው፣ በእግሩ ይጓዝ የነበረው ጦር ተሸንፎ አፈገፈገ። ነጌሌም በዚያው ወር ተያዘ።

ሆኖም የራስ ደስታ ውጊያ በዚያ አላበቃም። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላም በሲዳሞ ቆይተው ተከላከሉ። ጠላት ይርጋለም የገባው ኅዳር 22 ቀን 1929 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ዋናው ከተማ ከተያዘ ከሰባት ወር ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ከዚያ ራስ ደስታ ከደጃዝማች ገብረ ማርያምና ከደጃዝማች በየነ መርዕድ ጋር ወደ ሰሜን አቅንተው፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው አገር ጎጌቲ በተባለው ቦታ የመጨረሻውን ውጊያ አደረጉ። ሁለቱ ደጃዝማቾች በዚያ ሰሞን ሕይወታቸው አለፈ። ራስ ደስታም የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አጠገብ ተይዘው ተረሸኑ።

አሁን ጓደኛችን ከሰማው ትረካ ጋር እናነጻጽረው። ትረካው ከገናሌ እስከ ቡታጅራ ያለውን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ አልፎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለራስ የመጨረሻ ሰዓት ሰጥቶታል። በመካከል ያለፈው አንድ ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈ። የጎጌቲ ውጊያ የተደረገበትን ቀን ግን አልጠቀሰም። መጻሕፍቱን ስንመለከት ቀኑ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሆኖ አገኘነው፤ በአዲስ አበባ ቦምብ የተጣለበት ያው ቀን ማለት ነው። ያንን ቀን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ በዚያው ቀን በጎጌቲ የወደቁትን የሚያስታውስ ግን ከክፍላችን አንድም አልነበረም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን ስለ ተደረጉ አንዱ ለሌላው ምክንያት ነበረ ለማለት ማስረጃ የለም። ነገር ግን የዋናው ከተማ ታሪክ የሌላውን አገር ታሪክ እንዴት እንደሚሸፍነው ከዚህ የበለጠ አስረጂ አላገኘንም።

መጻሕፍቱም ቢሆኑ ሁሉን አይነግሩንም። ጦሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ አዛዡ ማን እንደ ነበረ ይነግሩናል። ያ ሁሉ ሰው በሲዳማ ምድር ሲያልፍና ሲመለስ ማን እንደ ቀለበው፣ የማን እንሰት እንደ ተቆፈረ፣ የማን ከብት እንደ ታረደ ግን ከጥቂት መሥመር በላይ አናገኝም። ገበሬው በገባርነት ሥርዓት ሥር ይኖር እንደ ነበር እናውቃለን። ያ ገበሬ የገዥውን ጦር በምን ዓይን አየው? የውጭ ጠላት ሲመጣስ ምን አሰበ? ይህ ጥያቄ በትረካውም በመጻሕፍቱም ውስጥ ባዶ ቦታ ሆኖ ቆየን።

ስለዚህ ወደ ይርጋለም አካባቢ ሄደን አንድ ሽማግሌ አነጋገርን። በአክብሮት ተቀምጠን፣ በመጀመሪያ ከትረካው ጥቂት በስልካችን አሰማናቸው፤ አብሮን የሄደው ጓደኛችንም ወደ ሲዳምኛ ተረጐመላቸው። ሽማግሌው እስኪያልቅ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያም «ልጆቼ፣ ይህን የነገራችሁ ሰው እዚህ ነበር?» አሉን። አልነበረም አልናቸው። «እኔም አልነበርኩም፤ አባቴ የነገሩኝን ነው የማውቀው። እኔን ብቻ ሰምታችሁ አትጻፉ፤ ከወንዙ ማዶ ያሉትን ደግሞ ስሙ» አሉ። መምህራችን በክፍል ውስጥ የጠየቁትን ጥያቄ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡት እኚህ አባት በሌላ ቃል ጠየቁን።

፬. ስለ ከተማችን

ከዚያ ጉዞ ስንመለስ፣ ስለ ራሳችን ከተማ ምን እናውቃለን ብለን ተጠያየቅን። ሐዋሳ ወጣት ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ እንደ ተቆረቆረች በተለምዶ ይነገራል፤ አመሠራረቷም ከልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም ጋር ይያያዛል። በኋላ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማነትን ከይርጋለም ወረሰች፤ ከዚያም የደቡብ ክልል፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሆነች። ይህን ያህል በማንኛውም ጽሑፍ ይገኛል።

ነገር ግን «ተቆረቆረች» የሚለው ቃል ቦታው ከዚያ በፊት ባዶ እንደ ነበረ ያስመስላል፤ ባዶ ግን አልነበረም። በሐይቁ ዳር ያለው ሜዳ የሲዳማ ከብት አርቢዎች የግጦሽ ምድር ነበር፤ አካባቢውም አዳሬ ይባል ነበር። ይህ ስም ዛሬ በሆስፒታሉ ስም ላይ ተርፎ ይገኛል። ሐዋሳ የሚለው የሐይቁ ስምም ራሱ በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ነው። ከተማይቱ ስትመሠረት ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት ተሰጥቷቸው ሰፈሩ፤ በሜዳው ይጠቀሙ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ቦታቸውን ለቀቁ። ስለዚህ አንዱ ቀን ለአንዱ ቤት የምሥረታ ቀን ሲሆን፣ ለሌላው ቤት የስደት ቀን ነው። ሁለቱም ቤቶች ልጆቻቸውን ወደ አንድ ኮሌጅ ልከዋል፤ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠንም እንማራለን።

ይህን የምንጽፈው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ይሁን እንጂ በሰኔ 2010 እና በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በከተማችን የሰው ሕይወት የጠፋበት ሁከት እንደ ተነሣ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያን ጊዜ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ የነበረው ነገር ሁሉ የዕለቱ ወሬ ብቻ አልነበረም፤ ብዙው ታሪክ ነክ ነበር። «ይህ አገር የማን ነበር፣ ማን መጣ፣ ማን ተነቀለ» የሚል ነበር። ተናጋሪው አይታወቅም፤ ከማን እንደ ሰማም አይጠየቅም። አንድ ወገን ብቻ የተሰማበት ታሪክ ከክፍል ውጤት የሚበልጥ ነገር ሊያሳጣን እንደሚችል ከዚያ ተምረናል።

ሊነገር የሚገባው ሌላ ጉዳት አለ። ከመካከላችን የአንዷ አያት በከተማይቱ መጀመሪያ ዘመን ከወታደር ባላቸው ጋር መጥተው ከሰፈሩት ሴቶች አንዷ ነበሩ። እኅታችን ከሁለት ዓመት በፊት በዓል ለማክበር ቤት በገባች ጊዜ፣ አያቷ የመጀመሪያውን ቤት እንዴት እንደ ሠሩ፣ ከብት ይጠብቁ ከነበሩት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቋንቋ ሳይግባቡ ወተትና ጨው እንዴት ይለዋወጡ እንደ ነበር ሲያጫውቷት በስልኳ ቀድታ ነበር። ቃሉን ወደ ሌላ ቦታ ሳትገለብጠው ስልኩ ተበላሸ። «ሌላ ቀን ደግመን እንቀዳለን» ስትል አያቷ አረፉ። ዛሬ የምታስታውሰው ወተቱንና ጨውን ብቻ ነው፤ ከዚያ በቀር ያሉትን በቃላቸው ልትነግረን አልቻለችም። እንዲህ ያለው ምንጭ ከሞተ በኋላ ተፈልጎ የሚገኝበት ቤተ መጻሕፍት የለም።

፭. አፊኒ

በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ማለትም በሶንጎ፣ አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ። የቃሉ ትርጉም «ሰምታችኋልን?» እንደ ማለት ነው። ነገር የያዘ ሰው ጉዳዩን ሲያቀርብ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የተሰበሰቡት ነገሩን መስማታቸው ይረጋገጣል። ሁሉም ወገን ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። የሚፈለገውም ሃላሌ፣ ማለትም እውነቱ፣ እስኪገለጥ ድረስ ነው። ጆን ሐመር የተባሉት የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ስለ ሲዳማ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሽማግሌዎች ሸንጎ በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ የነበረውን ከፍተኛ ቦታ በሰፊው አብራርተዋል።

ይህን ሥርዓት ስናስብ፣ በጆሮ የሚሰማ ታሪክ በራሱ ደካማ አለመሆኑን ተገነዘብን። ድካሙ ያለው አንዱን ብቻ ሰምቶ በመነሣት ላይ ነው። በሬዲዮ ጠረጴዛ ዙሪያ እርስ በርሳቸው የሚተራረሙት ሦስት ሊቃውንት፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የተሰበሰቡት የቀድሞ ተማሪዎች፣ በሶንጎ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች፣ ሥራቸው በመሠረቱ አንድ ነው። መጽሐፍም ጥሩ የሚሆነው በገጾቹ ውስጥ ይህን የመሰለ ሸንጎ ሲያስቀምጥ ነው፤ የግርጌ ማስታወሻም «ሰምታችኋልን?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው።

ለዚህ ሥራ ቀዳሚዎች አሉን። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጽሔት ያሳትም ነበር። ተማሪዎቹ ስለየአገራቸው ሠርግ፣ ለቅሶና ልዩ ልዩ ልማድ ያዩትንና የሰሙትን ጽፈውበታል። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ጸሐፊዎቹም እንደ እኛ ጀማሪዎች ነበሩ። ሆኖም ዛሬ ያ ልማድ በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ሊቃውንት ወደ እነዚያ ገጾች ይመለሳሉ።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የሚከተሉትን እናሳስባለን።

1ኛ፤ ከትረካ የሰማነውን በጥናት ስናቀርብ፣ የዝግጅቱን ስም፣ የተሰማበትን ቀንና ተራኪው የጠቀሰውን መጽሐፍ እንጻፍ። መጽሐፍ ካልጠቀሰ ይህንኑ እንግለጥ።

2ኛ፤ በብዙ ቦታ የተሰማ አንድ ወሬ አንድ ምስክር ተደርጎ ይቈጠር።

3ኛ፤ በክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ እያንዳንዳችን ቢያንስ ሁለት አረጋውያንን፣ ከተቻለም በአንድ ጉዳይ ሁለት ልዩ ልዩ ቦታ ላይ የነበሩትን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን ቃላቸውን እንቅዳ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተነገረበት ቋንቋና የአስተርጓሚው ስም ይመዝገብ። ትርጉሙ ቢጻፍም የመጀመሪያው ቃል በራሱ ቋንቋ ይጠበቅ።

4ኛ፤ የተቀዳው በአንድ ስልክ ብቻ እንዳይቀር፣ በዚያው ሳምንት ተገልብጦ በሁለተኛ ቦታ ይቀመጥ። ቤተ መጻሕፍታችንም ለዚህ አንድ መደርደሪያ እንዲሰጠን መምህራኖቻችንን በትሕትና እንለምናለን።

መደምደሚያ

ጓደኛችን በዚህ ዓመት የራስ ደስታን ጥናት እንደገና አቅርቦታል። በመጀመሪያው ጊዜ የነበሩት ያማሩ ንግግሮች ብዙዎቹ ተሰርዘዋል፤ የተናገራቸውን የሰማ ሰው ስላልተገኘ ነው። በምትካቸው ቀኖች፣ የቦታ ስሞችና ገና መልስ ያላገኙ ሦስት ጥያቄዎች ገብተዋል። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ሽማግሌዎችም ለማነጋገር ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ሲጨርስ በዚህ ጊዜ ያጨበጨበ አልነበረም፤ ጥያቄ ግን በዛ፤ ክርክሩም የክፍሉ ሰዓት አልቆ በበር ላይ ቀጠለ። መምህራችንም ዳር ቆመው ያዳምጡ ነበር።

ይህ ማስታወሻ የጀማሪዎች ሥራ እንደ መሆኑ ስሕተት አያጣውም። አንባቢዎቻችን፣ በተለይም ስለ ይርጋለምና ስለ ሐዋሳ ከእኛ የተሻለ የሰሙና ያነበቡ ሁሉ፣ ቢያርሙን እርማታቸውን በደስታ እንቀበላለን።